በርገር ሲያምራችሁ፦ ሰፈር ወይስ ቦሌ?

አዲስ አበባ ዳር ዳሩን የሚኖር ሰው በርገር ሲያምረው ቶሎ ወደ ሐሳቡ የሚመጣው ቦሌ ነው። ቀጥሎ ኮንዶሚኒየሙ ሥር የተከፈተችው፣ አምስት ስድስት ጠረጴዛ ያላት ትንሽ ቤት ትመጣለች። መሃል ላይ የሰፈሩ ካፌ አለ፤ ከፍርፍር እስከ ላዛኛ የማይሠራው የለም፣ በርገርም ይሠራል። ሶፋ ላይ ጋደም ብሎ በስልክ ማዘዝም አለ።

ይህን የምጽፈው አያት፣ የካ አባዶ፣ ሰሚት፣ ጎሮ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ጀሞ፣ ዓለም ባንክና ለገጣፎ አካባቢ ለምትኖሩ ነው። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ባለቤቱ ራሱ እሳቱ ጋ የሚቆምበት ቤት ሰፈራችሁ ካለ፣ ለበርገር ብላችሁ ቦሌ አትሂዱ። ባለቤቱ ከፍቶት የጠፋበት ከሆነ ግን የቤቱ ትንሽነት ምንም አይጠቅማችሁም። ያኔ የቦሌው ትልቅ ሬስቶራንት ይሻላል።

ባለቤቱ አለ?

ትልቅ ሬስቶራንት አሠራር አለው። ሥጋው ተመዝኖ፣ ተጠፍጥፎ፣ በፕላስቲክ ተለይቶ ይቀመጣል። ሼፉ ቢለቅ ሌላ ይተካል፤ ጣዕሙ ብዙም አይናጋም። ትንሿ ቤት እንዲህ ዓይነት ዋስትና የላትም። ጠዋት ሉካንዳ የሚሄደው ባለቤቱ ነው። ዳቦው አነሰ፣ ዳቦው ደረቀ ብሎ ከዳቦ ቤቱ ጋር የሚጨቃጨቀውም እሱ ነው። ማታ ሂሳብ የሚዘጋውም እሱ ነው። ስለዚህ እሱ ለቅሶ የሄደ ቀን የምትበሉት በርገር ሌላ በርገር ነው።

ባለቤቱ መኖሩን ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም። አስተናጋጁን ትንሽ ወጣ ያለ ነገር ጠይቁት። “ሽንኩርቱን በጥሬው ሳይሆን ጠብሳችሁ ታደርጉልኛላችሁ?” በሉት። ዞር ብሎ ወደ አንድ ሰው ካየ፣ ያ ሰው ባለቤቱ ነው። ብዙ ጊዜ ባልና ሚስት ናቸው፤ አንዱ እሳት ጋ፣ አንዱ ሂሳብ ጋ። አስተናጋጁ ማንንም ሳያይ “አይቻልም” ካለ ግን ቤቱ ላይ የሚያዝ ሰው በቦታው የለም ማለት ነው።

ሌላው ምልክት “አልቋል” የሚለው ቃል ነው። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ገብታችሁ “ወንድሜ፣ ይቅርታ፣ ሥጋው አልቋል፤ ነገ ቀደም ብለህ ና” ከተባላችሁ አትቀየሙ። ይህ ሰው የሚያስፈጨው የዕለቱን ነው። የሚያስቆጣው ተቃራኒው ነው። ትንሽ ቤት ሆኖ፣ ሰው ጭር ብሎበት፣ ሁልጊዜ ሁሉም ነገር ካለው ፍሪዘሩ ውስጥ የከረመ ነገር አለ። መብራት ደጋግሞ በሚጠፋበት ሰፈር ደግሞ ሥጋው ፍሪዘር ውስጥ ቀልጦ እንደገና የረጋው ስንቴ እንደሆነ ማን ያውቃል።

ሜኑውንም እዩት። በርገር፣ ችዝ በርገር፣ ደብል፣ ችክን፣ አንድ የጾም። በቃ። ከዚህ ትንሽ ቢያልፍ ችግር የለውም። ፒዛ፣ ሻወርማ፣ ክለብ ሳንድዊች፣ ፓስታ እና ጥብስ ፍርፍር አንድ ገጽ ላይ ከተደረደሩ ግን በር ላይ “በርገር ሃውስ” ቢባልም ቤቱ ካፌ ነው። እንደ ካፌ መዝኑት።

ሥጋው ላይ ትንሽ እንቆይ

ጥሩ በርገር ጮማ ይፈልጋል። በርገር የሚሠሩ ሰዎች የሚስማሙበት ልክ ከመቶ 20 እጅ አካባቢ ነው። የእኛ በሬ ግን አብዛኛውን ዕድሜውን በግጦሽና በእርሻ ያሳለፈ ስለሆነ ቀይ ሥጋው ደረቅ ነው። ለጥብስ፣ ለክትፎ እሰየው። ሉካንዳ ሄዶ “ቀዩን ፍጭልኝ፣ ለበርገር ነው” የሚል ሰው የሚያወጣው በርገር ግን አፍ ውስጥ ሲዞር የሚውል ነው። ሥራውን የሚያውቀው ባለቤት ጮማ ያለበትን የጎድን ሥጋ ይቀላቅላል፤ ካነሰም ጮማ ለብቻው ያስጨምራል። ባለሉካንዳውን ደንበኛ ያደረገ ሰው ይህን ማግኘት አያቅተውም።

ሌላ መንገድ የሚከተሉም አሉ። የዳቦ ፍርፋሪ፣ እንቁላል፣ የተከተፈ ሽንኩርት ከሥጋው ጋር ይለውሳሉ። ይህም ነውር የለበትም። አብዛኞቻችን በልጅነታችን በርገር ብለን የበላነው እሱን ነው፣ ዛሬም የሚናፍቀው ሰው አለ። ቆርጣችሁ ስታዩት ውስጡ ልሙጥና ዱቄት ዱቄት የሚል ከሆነ ፍርፋሪው በዝቷል። ዋጋው ከንጹሕ ሥጋው እኩል ከሆነ ደግሞ ፍርፋሪ በሥጋ ዋጋ እየገዛችሁ ነው።

አሁን ወደ ምጣዱ። የትንሽ ቤት ትልቁ ጥቅም አሠራሩን ማየት መቻሉ ነው፤ ቦሌ ማዕድ ቤቱ ከግድግዳ ጀርባ ነው። የተፈጨው ሥጋ ድብልብል ብሎ የጋለው ብረት ላይ ሲያርፍ መጮህ አለበት። ድምፅ ከሌለ ብረቱ አልጋለም፤ ሥጋው ሊቀቀል ነው። ከዚያ በመገልበጫው አንዴ፣ ገና እንዳረፈ፣ ይጫናል። ጨው የሚነሰነሰው ያኔ ነው። ዳር ዳሩ ቡናማ ሆኖ እስኪጠበስ ማንም አይነካውም። አንዴ ይገለበጣል፣ ቺዙ ይደረግበታል። ዳቦው አጠገቡ ለሁለት ተከፍቶ የውስጥ ፊቱ በቅቤ ይጠበሳል፤ ያ ካልሆነ የሥጋው ጭማቂና የቲማቲሙ ውሃ ዳቦውን ያበሰብሰዋል። ከተገለበጠ በኋላ ደጋግሞ የሚጫን ሰው ካያችሁ አዝኑለት። ያ ሁሉ ጭስ የሚወጣው ከሥጋው በተጨመቀው ጭማቂ ነው።

ስለ ብስለት አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም እኛ ጥሬ ሥጋ ወዳዶች ነን። በርገር ለብለብ አይታዘዝም። ያልተፈጨ ሥጋ ላይ ያለ ጀርም አብዛኛው ላዩ ላይ ነው፤ እሳት ሲያገኘው ያልቃል። ሥጋ ሲፈጭ ግን የላዩ ወደ ውስጥ ይገባል። ለዚህ ነው የበርገር ሥጋ መሃሉ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ ይብሰል የሚባለው። ክትፎ የምትበሉበትን ቤት ስለምታምኑት ነው የምትበሉት፤ ያም ቢሆን ከአደጋ ነፃ አይደለም። መፍጫው በቀን ስንቴ እንደሚታጠብ በማታውቁት ቤት ግን መሃሉ ቀይ ሆኖ ከመጣ መልሱት። ያለ ይሉኝታ።

ዳር ሰፈር ላይ አንድ ሌላ ጥያቄ አለ፤ እርዱ የት ነው? ከተማው ጠርዝ ላይ ሕገ ወጥ እርድ የታወቀ ችግር ነው። በቄራ ያለፈ ሥጋ ተመርምሮ ማህተም ተመትቶበት ነው የሚወጣው። እናንተ የተፈጨ ሥጋ ላይ ማህተም አታዩም። ባለቤቱን ግን “ሥጋ ከየት ነው የምትገዙት?” ብላችሁ ጠይቁት። ከፊት ለፊት ያለውን ሉካንዳ በጣቱ የሚያሳያችሁ ሰው አለ። “የምናመጣበት ቦታ አለን” የሚልም አለ። ሁለተኛው መልስ እኔን አያስቀምጠኝም።

ጾም ሲሆን፣ ሀላል ሲሆን

ቀኑን ሳያዩ ቤት መምረጥ አይቻልም። ረቡዕና ዓርብ ብዙ ሉካንዳ ቀዝቀዝ ይላል ወይም ይዘጋል። ስለዚህ ዓርብ ማታ የምትበሉት ሥጋ የሐሙስ ሊሆን ይችላል። 55 ቀን በሚቆየው በዐቢይ ጾም ደግሞ የክርስቲያን ሉካንዳዎች በአብዛኛው ይዘጋሉ። ያኔ ትንሿ ቤት ወይ ትዘጋለች ወይ የጾም ብቻ ትሠራለች። ትልልቆቹ የፍስኩን አያቋርጡም፤ በዚህ ወቅት የፍስክ በርገር ለሚፈልግ ሰው ቦሌ ወይም ሀላል ቤት ይሻለዋል። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾም ነገሩ ይገለበጣል። ያ ለሰፈር በርገር ቤቶች ወርቃማ ጊዜ ነው። ሥጋው ቶሎ ቶሎ ይገባል፣ ቶሎ ቶሎ ያልቃል።

የጾም በርገር ላይ ባለቤቱ ያለበት ቤት ብዙ ጊዜ ይበልጣል። ምስር፣ ሽምብራ ወይም እንጉዳይ ራሳቸው ፈጭተው፣ በቃሪያና በነጭ ሽንኩርት አጣፍጠው የሚሠሩ አሉ። ትልቁ ቤት ድንች ጠፍጥፎ ዳቦ ውስጥ ከቶ ሲያቀርብ አይቻለሁ፤ ድንች በዳቦ፣ ጎኑ ላይ ደግሞ ችፕስ። የምትጾሙ ሰዎች ሦስት ነገር ጠይቁ። ማዮኔዝ እንቁላል አለበት። የበርገር ዳቦ ወተት፣ ቅቤ ወይም እንቁላል ሊኖረው ይችላል። የፍስኩና የጾሙ የሚጠበሱበት ብረትስ አንድ ነው? ባለቤቷ ራሷ የምትጾም ከሆነች ጥያቄውን ሳትጨርሱ ትመልስላችኋለች።

ጓደኞቻችሁ መሃል ሙስሊምም ክርስቲያንም ካለ የሥጋው ጉዳይ ከጣዕሙ በፊት ይመጣል። “ሀላል” የሚል በሩ ላይ ተለጥፎ ታገኙታላችሁ፤ ካልተለጠፈ መጠየቅ ነውር አይደለም። ችክን በርገር ማዘዝ መፍትሔ አይሆንም፣ ዶሮም ይታረዳልና። እንዲህ ላለ ስብስብ ካፌው ወይም ቦሌ ይመቻል። አሳ አለ፣ የአትክልት ፒዛ አለ፣ ሁሉም የሚበላውን ያገኛል። ሰፈር ያለችው ቤት ያላት አማራጭ የጾም በርገር ብቻ ነው፤ እሱንም በሥጋው ብረት ላይ ካልጠበሱት።

ቦሌ የሚያሸንፍበት ቀን

ልደት ከሆነ ቦሌ። አሥር ሰው ከሆናችሁ ቦሌ። ትንሿ ቤት ውስጥ አንድ ብረት ላይ በአንድ ጊዜ አራት አምስት በርገር ነው የሚጠበሰው፤ የመጀመሪያው ሲበላ የመጨረሻው ገና ነው። ጄኔሬተር ያለው ቤት ከፈለጋችሁ፣ ለመሥሪያ ቤት የሚሆን ደረሰኝ ከፈለጋችሁ፣ ሕፃን ይዛችሁ ከሆነም እንደዚያው። መጸዳጃ ቤቱን አትርሱ። ኮንዶሚኒየም ሥር ያሉ ቤቶች መጸዳጃቸው ብዙ ጊዜ ከሕንፃው ጀርባ ነው። ቁልፉ በትልቅ እንጨት ታስሮ ካሸሯ ጋ ተሰቅሏል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶው ባዶ የሆነ ቀን ደግሞ እጅ የሚታጠበው በጆግ ነው። ይህን ታግሶ የሚበላ ሰው አለ፤ አማታችሁን ይዛችሁ ግን አትሂዱ።

ዋጋውን ስታወዳድሩ ሜኑው ላይ ያለውን ቁጥር ከቁጥር ጋር ብቻ አታስተያዩ። የትልልቆቹ ሜኑ ግርጌ ላይ በደቃቁ “ዋጋው ሰርቪስ ቻርጅና ቫት አይጨምርም” የሚል ታገኛላችሁ። 500 ብር የተባለ በርገር 10 በመቶ ሰርቪስ ሲጨመርበት 550 ይሆናል። በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲመጣ 632 ብር ከ50 ሳንቲም። ትንሿ ቤት ብዙውን ጊዜ የጻፈችውን ነው የምትቀበለው። ለቫት ያልተመዘገበ ቤት ቫት ብሎ መጨመር አይችልም፤ ከጨመረባችሁ ደረሰኙን ጠይቁ።

በዚያ ላይ መንገዱ አለ። ከአያት ባቡሩ መገናኛን አልፎ ስታዲየም ይወስዳችኋል እንጂ ቦሌ አያስገባችሁም። ከመገናኛ ሌላ ታክሲ ነው። ከኮዬ ወይም ከቱሉ ዲምቱማ ባትነሱ ይሻላል። ማታ ስትመለሱ ራይድ ወይም ፈረስ ብትጠሩ የመመለሻው ሂሳብ ብቻውን ሌላ እራት ሊያበላችሁ ይችላል። ይህን ሁሉ ደምራችሁ ለአራት ሰው ስታካፍሉት እንኳ ቦሌ ርካሽ አይደለም። ለምግቡ ሳይሆን ለመውጣቱ የምትከፍሉት ገንዘብ ነው። ለዚያ ከሆነ ደግሞ ሂዱ፣ ጥሩ ነው።

የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ሁለቱም ጋ ሜኑ ላይ የተለጠፈ ስቲከር በዝቷል። ልዩነቱ ምን ላይ እንደሚቆጥቡ ነው። ትልቁ ቤት ዋጋ ይጨምራል። ትንሹ ቤት ደንበኛ እንዳይሸሽ ሲል ዋጋውን ይዞ ሌላ ነገር ይነካል። መጀመሪያ የሚነካው ካቻፑ ነው፤ ውሃ ይገባበታል። ቀጥሎ ዘይቱ። ችፕሱ ጠቆር ካለና የቆየ ሽታ ካለው ዘይቱ ሰንብቷል። ሲቀዘቅዝ ላንቃ ላይ ነጭ ነገር የሚጋግር ከሆነ ደግሞ የሚረጋው ዘይት ነው። ሦስተኛው ቺዝ ነው፤ እንደ ፌስታል የሳሳች ነገር ትሆናለች። ካቻፑ ቀጥኖ ሥጋው ያልተነካበት ቤት ካገኛችሁ ባለቤቱ ቅደም ተከተሉን ያውቃል፤ ደንበኛ ሁኑ።

ካፌውና ሞተረኛው

ካፌውን በአጭሩ ልለፈው። የሰፈር ካፌ በርገር የሚታዘዘው አብሯችሁ ያለ ሰው ፍርፍር ወይም ማኪያቶ ሲፈልግ ነው። ብቻችሁን ለበርገር ብላችሁ አትግቡ። በቀን ሁለት ሦስት በርገር የሚሸጥ ቤት ሥጋውን አስፈጭቶ ማቆየቱ ግድ ነው። ክለብ ሳንድዊቹ ይሻላችኋል።

በሞተረኛ ማስመጣት ደግሞ ለበርገር ከሁሉም የከፋው መንገድ ነው። ፒዛ መንገድ ይችላል። በርገር አይችልም። ሳጥኑ ውስጥ እንፋሎቱ ዳቦውን ያርሰዋል፣ ችፕሱ ይልፈሰፈሳል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የጀሞ ወይም የለገጣፎ ማታ ብርድ ለማንም አይራራም፤ ቺዙ ሲደርስ ረግቶ ነው። ከቦሌ አያት ድረስ የሚመጣ በርገር በርገር አይደለም፣ ትዝታ ነው። ከሰፈሯ ቤት ከሆነ ግን ሌላ ዘዴ አለ። ደውላችሁ “15 ደቂቃ ውስጥ እደርሳለሁ፣ ሥጋውን ስደርስ አድርጉት” በሏቸው። ሂዱና ራሳችሁ ተቀበሉ። ሶሱ ለብቻ ይታሰርላችሁ፣ የሳጥኑ ክዳን ትንሽ ክፍት ይሁን። ትልቅ ሬስቶራንት እንዲህ ያለ ትዕዛዝ አይቀበልም፤ የሰፈሩ ባለቤት ግን ሲፈልግ በስማችሁ ይጠራችኋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሄዱ

ማክሰኞ፣ ሐሙስ ወይም ቅዳሜ ሂዱ፤ ከቀኑ ስድስት እስከ ሰባት ሰዓት ወይም ማታ ከአንድ ሰዓት በፊት። ብረቱ ግሎ፣ ሰው ሳይበዛ። ስፔሻል አትዘዙ። እንቁላል፣ ሞርታዴላ፣ ቺዝ፣ ሁለት ዓይነት ሶስ የተጫነበት ስፔሻል ደካማ ሥጋን መደበቂያ ነው። ተራውን ችዝ በርገር እዘዙ፤ ቤቱ የሚችለውን እሱ ያሳያችኋል። ችፕሱን ለብቻ ሳህን ላይ። ሚጥሚጣ ከፈለጋችሁ ከቀመሳችሁ በኋላ ጠይቁ። ዳጣ ወይም አዋዜ ከማዮኔዝ ጋር ቀላቅሎ የራሱን ሶስ የሚሠራ ቤት ከገጠማችሁ ግን እሱን ቅመሱ። እንዲህ ያለ ነገር ቦሌ ብዙም አይገኝም።

የሚከፈለው አሁን በአብዛኛው በስልክ ነው። ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ ትንንሽ ቤቶች ላይ ነገሩ ቀሏል። ሆኖም ኔትወርክ የጠፋ ቀን “ልኬያለሁ፣ አልደረሰኝም” የሚል ክርክር አለ። ካሸሯ መልእክቱ ስልኳ ላይ እስኪገባ ትጠብቃለች፤ ብትጠብቅ አትፍረዱባት፣ በውሸት ስክሪን ሾት የተበላ ቤት ብዙ ነው። የተወሰነ ጥሬ ብር ኪሳችሁ ይኑር። ጉርሻውንም በጥሬው ብትሰጡ ለአስተናጋጁ በቀጥታ ይደርሰዋል።

ከመነሳታችሁ በፊት ደውሉ። የኮሪደር ልማቱ ከተጀመረ ወዲህ ከአንድ መንገድ ዳር ወደ ሌላ የተዛወሩ ትንንሽ ቤቶች ብዙ ናቸው። ባለፈው ዓመት ያያችሁት ኮንቴይነር ዛሬ በቦታው ላይኖር ይችላል። ስልኩን የሚያነሳው ሰው “ዛሬ እኔ የለሁም፣ ግን ልጆቹ አሉ፣ ይሠሩላችኋል” ካላችሁ ነገ ሂዱ።